እግረ እርጥቡ እንግዳ

በአማርኛ ወግ «እግረ እርጥብ» የሚባለው ደጅ ሲረግጥ ሰማዩ የሚያጉረመርም፣ ባደረ ማግስት ላሟ የምትወልድ፣ የጠፋው ቁልፍ የሚገኝ፣ ዓመት ሙሉ የተንጓተተ ጉዳይ በአንድ ቀን የሚያልቅለት እንግዳ ነው፤ «እግረ ደረቅ» የሚባለው ደግሞ ገና ጫማውን ሳያወልቅ መብራት የሚጠፋበትና ወጡ የሚያርበት ነው። ይህ መለኪያ ለሰው የተበጀ ስለሆነ በእንስሳ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ይሁን እንጂ እግሩ ከተፈጠረበት ሰዓት እስከ ሞቱ ድረስ ደርቆ የማያውቅ፣ እንዲያውም ከአንድ እግር፣ ከአንድ አፍና በአፉ ዙሪያ ከተሰካኩ ጣቶች በቀር ይህ ነው የሚባል አካል የሌለው አንድ ፍጥረት በመስታወት ገንዳ ተቀምጦ የሰው ሳሎን መጋራት ከጀመረ ወዲህ፣ እርጥብ እግር ለቤት ምን እንደሚያመጣ እንደገና መመርመር የግድ ሆኗል። ይህ ፍጥረት የባሕር አኔሞኒ ይባላል።

ስሙ የተወሰደው አኔሞኒ ከሚባል የየብስ አበባ ሲሆን፣ ቃሉም በግሪክኛ ነፋስ ከሚለው ቃል ጋር የተዛመደ ነው፤ ነፋስ በማይደርስበት የሚኖር፣ አበባም ያልሆነ፣ ሥጋ በል እንስሳ በነፋስና በአበባ ስም መጠራቱ ስም አውጪዎች በመልክ ምን ያህል እንደሚታለሉ ያሳያል። ዘመዶቹ ኮራልና ጄሊፊሽ ናቸው። አጥንትም አንጎልም ዐይንም የለውም፤ ምግቡ የሚገባበትና ጉድፉ የሚወጣበት በር አንድ ነው፣ ይህንንም ባለቤቱ በማዕድ ሰዓት ለእንግዳ ባያብራራ ይመረጣል። በጣቶቹ ላይ የተደረደሩት መናደፊያ ህዋሳት እያንዳንዳቸው የተጠቀለለ ክር የያዘ ደቂቅ ከረጢት ያላቸው ሲሆኑ፣ አንድ ነገር ሲነካቸው ክሩ እንደ ጦር የሚወረወርበት ፍጥነት በሕያዋን ዓለም ከታወቁት እጅግ ፈጣን እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው፤ እንስሳው ሽሪምፕና ቸልተኛ ዓሣ የሚይዘው በዚህ መሣሪያ ነው። የሰው ሳሎን የሚጋራው ዓይነት አብዛኛውን ቀለቡን የሚያገኘው ግን በሥጋው ውስጥ ካስጠለላቸው፣ አልጌ ከሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ነው፤ እነሱ ከብርሃን ስኳር ይሠራሉ፣ እሱም መጠለያ ሰጥቻለሁና ብሎ ከምርታቸው ይካፈላል። በአጭር ቃል ጭሰኛ ያለው ባላባት ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ቤት ሲገባም ይህን ጠባዩን ከደጅ አይተወውም።

ለቤት ገንዳ በብዛት የሚመረጠው የጣቶቹ ጫፍ እንደ ትንሽ ፊኛ የሚነፋው ዓይነት ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙ ኤንታክሜያ ኳድሪከለር ነው፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል «ባለ አራት ቀለም» ማለት ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንስሳ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከባልደረባው ከሎይካርት ጋር በቀይ ባሕር አከርካሪ አልባ እንስሳት ላይ ባሳተመው ሥራ ውስጥ በ1828 ስም የወጣለት ይኸው አኔሞኒ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሩፔል በዚሁ አኔሞኒ ጣቶች መካከል የሚኖረውን፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀውን፣ የቀይ ባሕር ክላውን ፊሽ የተባለውን ዓሣ ሰየመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እንስሳው እንደሆነ የባሕረ ሐሳብ ክርክር የለበትም።) ያው ሰው በ1830ዎቹ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘልቆ፣ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀ ነው። ስለዚህ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የሚቆመው ዋልያና በባሕር ድንጋይ ስንጥቅ የሚወሸቀው አኔሞኒ ሳይተዋወቁ በአንድ ሰው ጉዞ የተመዘገቡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንደኛው በቢራ ጠርሙስ ላይ ታትሞ በየቤቱ ሲገባ፣ ሌላው በሕይወቱ ለመግባት መረጠ።

የሚገባበት መንገድ ግን ከሳይንስ ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ መንደሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ገንዳ የሚገዛው ባብዛኛው በልጅ ምክንያት ነው፤ ልጁም በ2003 የወጣውን «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተባለ ፊልም አይቶ የሚጠይቀው አኔሞኒውን ሳይሆን በአኔሞኒው ውስጥ የሚጫወተውን ብርቱካንማ ዓሣ ነው። አባት፣ ዓሣ እንደ ውሻ አይጮኽ፣ እንደ ድመት ሶፋ አይቧጭር ብሎ ይስማማል፤ ገንዳው ይተከላል፣ ዓሣው ይገባል፣ ሁለት ወርም በሰላም ያልፋል። ከዚያ ልጁ «ቤቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። የቤት ነገር ከተነሣ ደግሞ አባት የሚከራከርበት አፍ የለውም፤ ራሱ ለቤት ዕዳ ሠላሳ ዓመት የፈረመ ሰው በልጁ ዓሣ ላይ የቤት አልባነት ፍርድ ሊፈርድ አይችልምና።

ከዚህ በፊት የመጣው ወጪ የጨው ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው የሚይዝ በመሆኑ፣ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ገና ሲሞላ ሰባት ኪሎ ጨው ይጠይቃል፣ ከዚያም በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛው ሲቀየር 700 ግራም ይበላል። ይህ ጨው የወጥ ቤት ጨው አይደለም፤ ካልሲየም፣ ማግኒዝየምና ሌሎች ማዕድናት በልኩ የተቀላቀሉበት፣ በባልዲ የሚሸጥ ነው። አሞሌ ቀርቶ ይሆን ብለው የሚጠይቁ አዛውንት አይጠፉም፤ የአፋር ጨው ከጥንት የቀይ ባሕር ውሃ ትነት የቀረ መሆኑን ላሰበ ሰው ጥያቄው ሞኝነት የለበትም፣ ነገር ግን አሞሌ ለወጥና በዘመኑም ለገንዘብነት የሚበቃውን ያህል ለአኔሞኒ አይበቃም። ከጨው ምርቶቹ አንዱ «ሬድ ሲ»፣ ማለትም ቀይ ባሕር፣ የሚል ስም ያለው መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ የባሕር በር ነገር በየቡናው ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነሣበት ማኅበረሰብ አባል የሆነ ሰው ቀይ ባሕርን በባልዲ ገዝቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ በመኪናው ኋላ ጭኖ ሲሄድ መታየቱ ብዙ የፖለቲካ ተንታኞች ያላሰቡት መፍትሔ ነው።

ውሃ ግን ጨው ስለገባበት ብቻ ባሕር አይሆንም። የዓሣው ጉድፍና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ አንድ ወገን ባክቴሪያ ይህን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይለውጠዋል፣ እነዚህም ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪበረክቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የሙያው ሰዎች ይህን ጊዜ «ሳይክል» ይሉታል፤ ጠላ ለጠመቀ ቤት ግን «ጥንስስ» ከማለት የተሻለ ስም አይገኝለትም፣ በጋን ውስጥ የማይታይ ነገር እየሠራ ጠማቂዋ ጆሮዋን አስጠግታ ከመጠበቅ በቀር ምንም እንደማታደርግ ሁሉ፣ ባለገንዳውም መለኪያውን ይዞ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም። ጥንስሱ ካለቀ በኋላም ገንዳው ጥሬ ነው፤ ድንጋዩ መጀመሪያ ቡናማ አቧራ የሚመስል አልጌ ይለብሳል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፣ የጨውና የሙቀት ልኩም እንደ ወር መጨረሻ ኪስ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ሁሉ አኔሞኒ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት ይቆይ ይላሉ። በዚህ መካከል ለጥየቃ የሚመጣ ዘመድ የሚያየው አንድ ዓሣ፣ ጸጉር ያበቀለ ድንጋይና እንደ ምሽት ቤት ሰማያዊ መብራት ብቻ ነው። «እና ይኼ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እየበሰለ ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ዘመድም የማእድ ቤቱን በር አየት አድርጎ ዝም ይላል።

የጥበቃው ወራት ባለገንዳውን ሌላ ሰው ያደርጉታል። ሪፍራክቶሜትር የሚባል፣ ሁለት ጠብታ ውሃ ተንጠባጥቦበት ወደ ብርሃን እየተነሣ በአንድ ዐይን የሚታይ፣ የውሃን የጨው መጠን የሚያነብ መሣሪያ ይገዛና፣ ጠዋት ከቡና በፊት በመስኮት በኩል እንደ ኮከብ ቆጣሪ ሲያነጣጥር ይታያል። ውሃ እንደሚተን፣ ጨው ግን እንደማይተን ይማራል፤ ስለዚህ በየቀኑ የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ እንደሆነ ለቤተሰቡ ያስተምራል፣ ትምህርቱንም ያልሰማች አክስት ገንዳው ጎደለ ብላ አዝና ከቧንቧ በጆግ ቀድታ የሞላችው ዕለት፣ ክሎሪን ስለሚባለው የቧንቧ ውሃ ማከሚያና ስለሚያደርሰው ጉዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። አክስትም «ለዓሣ ውሃ መስጠት ኃጢአት የሆነበት አገር» ብላ በስልክ ለአዲስ አበባ ትዘግባለች።

ይህ ሁሉ ድካም ለዘመናችን ሰው ብቻ የተላከ ቅጣት እንዳይመስል የልማዱን አጀማመር ማስታወስ ይረዳል። አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት በ1846 ከቶርኪ ባሕር ዳርቻ ኮራል ሰብስባ ወደ ለንደን ቤቷ በወሰደች ጊዜ፣ ውሃው አየር እንዲገባበት በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ መገላበጥ ነበረበት፤ የገለበጠችው ግን የቤት ሠራተኛዋ ነበረች፣ ስሟ የሚነሣው ደግሞ የእመቤቲቱ ነው። በብሪታንያ በመስታወት ላይ የተጣለው ቀረጥ በ1845 መነሣቱ ገንዳን ከቀድሞ ይልቅ ርካሽ አደረገው፤ በ1853 የለንደን የአራዊት መካን ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ከፈተ፤ በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ የእንግሊዝ መካከለኛ መደብ ወደ ባሕር ዳርቻ መዶሻና መሮ ይዞ ወረደ፣ ድንጋይ እየፈለጠም አኔሞኒ ወደ ሳሎኑ አስገባ። ያን ጊዜ ሠራተኛይቱ የቆመችበትን ቦታ ዛሬ የያዘው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ፓምፕ ደመወዝ አይጠይቅም፣ ግን እንደሚታየው የሚያስተናግደውን እንግዳ መርጦ አያውቅም።

ቀኑ ሲደርስ ባለገንዳው ወደ ሱቅ ሄዶ እንደ ሽማግሌ ይመረምራል። አፉ የተዘጋ መሆን አለበት፤ የተከፈተና የተገለበጠ አፍ የድካም ምልክት ነው። እግሩ ያልተቀደደ መሆን አለበት፤ የተቀደደ እግር ይመረቅዛል። ከሁሉም በላይ ነጭ መሆን የለበትም፤ እንደ በረዶ ነጭ የሆነው አኔሞኒ ከሁሉ ያማረ ቢመስልም፣ ንጣቱ አልጌዎቹን ያጣ መሆኑን የሚያሳይ ነውና ውበቱ የረኃብ ውበት ነው። ዋጋው በቀለሙ ይወሰናል፣ ነጋዴዎችም ለየቀለሙ ስም አውጥተውለታል፤ ከነዚህ አንዱ «ብላክ ዊዶ»፣ ማለትም ጥቁር መበለት፣ ይባላል፤ ስሙ፣ ኋላ እንደሚታየው፣ ባልም ሚስትም ሳያስፈልገው ለሚባዛ እንስሳ የተሰጠ በመሆኑ ሐዘኑ ያለቦታው ነው።

እንግዳው በላስቲክ ከረጢት፣ ግማሹ ውሃ ግማሹ አየር ሆኖ ታስሮ ይመጣል፤ በመብራት ሲታይ በቀለም ከነከሩት የታኘከ ማስቲካ የሚለየው ጥቂት ነው። ልጁ ያዝናል፤ የከፈለው አባት ግን አዝኖ አይታይም፣ ፊቱ ብቻ ይቀየራል። ከረጢቱ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በገንዳው ላይ ይንሳፈፋል፣ ይህም የሁለቱ ውሃ ሙቀት እንዲስተካከል ነው። ከዚያ እንስሳው ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ባልዲ ውስጥ ከመጣበት ውሃ ጋር ይገለበጣል፤ ከገንዳው ወደ ባልዲው ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል፤ ባለገንዳው ጎንበስ ብሎ ጫፉን በአፉ ይስበዋል፣ ሁልጊዜም አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ስለሚለቀው አንድ ጉንጭ ቀይ ባሕር ይጠጣል። በቱቦው ላይ አንድ ልል ቋጠሮ ይታሰራል። ቋጠሮው ጠበቅ ሲል ይቆማል፣ ላላ ሲል ይንዠቀዠቃል፣ የሚፈለገው ግን በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ነው፤ ስለዚህ ባለገንዳው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ ሁለት ጣቱን በቋጠሮው ላይ አድርጎ፣ ልክ ግሉኮስ እንደተሰካለት ሕመምተኛ አስታማሚ ጠብታ ይቆጥራል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የጨው መጠን ድንገት ከተለወጠበት አኔሞኒው ይጎዳል፣ ዓሣ የሚችለውን እሱ አይችልምና።

በዚህ ሰዓት የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ይለወጣል። ቡና የሚቆላው በረንዳ ላይ ነው፤ ዕጣን ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ቅቤ የነካ፣ ሎሽን የተቀባ፣ በርበሬ የፈተገ እጅ ወደ ውሃው እንዳይጠጋ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፣ ይህም በአበሻ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንም እንዳይጠጋ እንደማለት ነው። በመጨረሻ ባለገንዳው ጓንት አጥልቆ፣ ፓምፖቹን አጥፍቶ፣ አስቀድሞ ካዘጋጀው ከገንዳው መሐል፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ከሚገኝ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እግሩን ወደ ታች አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ እግሩ ድንጋዩን ይይዛል፤ ፓምፑ ይከፈታል። ጣቶቹ ቀስ ብለው ይዘረጋሉ፣ ጫፎቻቸው ይነፋሉ፣ ሰማያዊው መብራት ሲያርፍባቸውም ከውስጥ የበራ ይመስላሉ። ያን ጊዜ የማያደንቅ የለም። አያት ነጠላቸውን አስተካክለው «እግሩ እርጥብ ይሁን» ብለው ይመርቃሉ፤ «እሱስ እርጥብ ነው» የሚል መልስ ከልጁ ይሰማል።

ምርቃቱ ያልደረሰበት ነገር ቢኖር እግሩ ይሄዳል። አኔሞኒ ተክል ስለሚመስል ብዙ ሰው ባስቀመጡት የሚኖር ይመስለዋል፤ እንስሳው ግን በዚያ አንድ እግሩ እየተንሸራተተ፣ ብርሃኑ፣ የውሃው ፍሰትና የስንጥቁ ጥልቀት እስኪስማሙት ድረስ ይዞራል፣ ሲያሻውም ድንጋዩን ለቆ በሞገድ ይንሳፈፋል። የተሰጠውን ክፍል አይቶ «ይሻላል ብለው ነው?» እንደሚል እንግዳ በመጀመሪያው ሌሊት ከስንጥቁ ይወጣል። በመንገዱ ያገኘውን ኮራል ይነድፋል። እግሩን ወደ ፓምፑ ካቀና ደግሞ ነገሩ የቀልድ አይደለም፤ በፓምፕ የተፈጨ አኔሞኒ መርዙንና ሥጋውን በውሃው ሁሉ ስለሚበትን ገንዳውን በሙሉ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ይሸፍናል፣ ያልሸፈነ ሰው ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ እግሩ ባትሪ ይዞ ሳሎን ውስጥ ይገኛል። ጎትቶ ወደ ቦታው መመለስ የሚለው ሐሳብ የማይመጣለት የለም፤ እግሩ ግን ድንጋዩን እንደያዘ ሥጋው ይቀደዳል እንጂ አይለቅም፣ ስለዚህ የሙያው ምክር አጭር ነው፤ ተዉት። በገዛ ቤቱ ማንን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ አባወራ ይህን ምክር ሲሰማ የሚያሳየው ፊት ሊጠና የሚገባው ነው።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንስሳው የሞተ ይመስላል። አኔሞኒ ሰውነቱን የሚዘረጋው በውስጡ በያዘው ውሃ ነው፤ አሮጌውን ውሃና ጉድፉን ሊያስወጣ ሲል ራሱን ያሟሽሻል፣ አፉን ይከፍታል፣ ቡናማ ዝልግልግ ክር ይተፋል፣ ትናንት ሳህን ያህል የነበረው ዛሬ እንደ ተነፈሰ ፊኛ አንድ ጭብጥ ሆኖ ይወድቃል። ባለገንዳው ሥራ ቦታ ሳለ ፎቶግራፍ ይላክለታል፤ አያት ቀድመው «ውይ፣ አረፈ» ብለዋል፤ ልጁ አልቅሷል፤ ከሱቅ ደረሰኙ ተፈልጎ በማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ለሞቱ ማረጋገጫ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሽታ ነው፤ የሞተ አኔሞኒ የሚሸተው ሽታ አጠራጣሪነት የሌለው፣ ቤት የሚያስለቅቅ ነው፣ ስለዚህ መርዶው ከመነገሩ በፊት አንድ ሰው አጎንብሶ ውሃውን ማሽተት አለበት፣ ለዚህም ኃላፊነት በፈቃዱ የሚወጣ የቤተሰብ አባል አይገኝም። አባት ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ መንገድ ተዘጋግቶበት ሲደርስ እንስሳው ተነፍቶ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ከበፊቱ ይልቅ አምሮ ያገኘዋል። ይህ በየጥቂት ቀኑ እንደሚደጋገም መጽሐፍ ቢናገርም፣ ቤተሰቡ መጽሐፉን የሚያምነው በአምስተኛው ለቅሶ ገደማ ነው።

ዓሣውስ? ሁሉ ነገር የተደረገው ለእሱ ነበር፤ እሱ ግን በማሞቂያው ቱቦና በመስታወቱ መካከል ባለች አንድ ጥግ ቀድሞ ሰፍሯል፣ ወደ አዲሱ ቤቱም ዞር ብሎ አያይም። ከአንድ ሺህ ከሚበልጡት የባሕር አኔሞኒ ዓይነቶች ክላውን ፊሽን የሚያስጠጉት 10 ብቻ ሲሆኑ፣ በፊልሙ የታየው ዓይነት ዓሣ ደግሞ በባሕር ሳለ ባለፊኛውን አኔሞኒ አይመርጥም፤ በገንዳ ውስጥ ሊለምደው ይችላል፣ ሳምንት ወይም ወራት ሊፈጅበት ይችላል፣ ላይለምደውም ይችላል። ሲለምድ መጀመሪያ በጅራቱ፣ ቀጥሎ በጎኑ እየነካ ይፈትነዋል፤ ቆዳውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ልባስ ከመናደፊያዎቹ ይጠብቀዋል፤ አንድ ቀን ጠዋትም ገብቶ ሲታጠብበት ይገኛል። ለብቸኛው ዓሣ ጓደኛ የሚያመጣ ቤተሰብ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል፤ ሐንስና ሲሞን ፍሪከ በ1977 እንዳሳወቁት፣ ክላውን ፊሾች ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጉና ከመካከላቸው ገዢው ሴት ይሆናል፣ እሷ ስትሞት ደግሞ ባሏ ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል። በፊልሙ ላይ አባት ልጁን ፍለጋ ባሕሩን ሲያካልል የነበረው ታሪክ በተፈጥሮ ሕግ ቢቀጥል ኖሮ መጨረሻው ለልጆች የሚሆን አልነበረም፤ ይህን ነገር ለልጁ የማስረዳት ዕዳ በየቤቱ ለእናት ይተላለፋል።

እንዲህ ያለ እንግዳ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ የሚመጣ ነው፣ መልሱም በጽሑፍ ይገኛል። የቀይ ባሕሩ አኔሞኒ በመጽሐፍ በተመዘገበበት በዚያው በ1828፣ ስኮትላንዳዊው ሰር ጆን ዳልየል በኖርዝ ቤሪክ ዳርቻ ሌላ ዓይነት አንድ ቀይ አኔሞኒ ከድንጋይ ነቅሎ ኤዲንብራ ወስዶ በመስታወት ዕቃ አስቀመጠው። ዳልየል በ1851 ሞተ፤ አኔሞኒው ወደ ፕሮፌሰር ጆን ፍሌሚንግ ተላለፈ፤ ፍሌሚንግ በ1857 ሞተ፤ በዚያው ዓመት አኔሞኒው በአንድ ሌሊት 230 ልጆች ከአፉ አወጣ። «ግራኒ»፣ ማለትም አያት፣ የሚል ስም ወጥቶለት፣ ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች በመዝገብ እየፈረሙ፣ ሦስተኛውን አሳዳሪውንም ሸኝቶ፣ እስከ 1887 ኖረ። በዕቃው ውስጥ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት። ውርሱን ያካፈሉ ሰዎች ማንን ለማን እንዳወረሱ በደንብ ለተመለከተ፣ ሰዎቹ ናቸው ከአኔሞኒው ወደ አኔሞኒው ሲተላለፉ የኖሩት ቢል አይፈረድበትም። ባለፊኛውም አኔሞኒ ቢሆን ከዚህ አይተናነስም፤ ሲመቸው፣ አንዳንዴም ሲከፋው፣ እግሩን በሁለት አቅጣጫ ጎትቶ ራሱን ከመሐል ይተረትራል፣ ጥቂት ሰዓት ወይም ቀን ቆይቶም እያንዳንዱ ግማሽ አፍ አበጅቶ ራሱን የቻለ እንስሳ ይሆናል። ሰርግ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ጥሎሽ የለ።

የቨርጂኒያው እንግዳ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቦታውን መረጠ። የመረጠው ስንጥቅ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል፣ መብራቱ በአንድ ማዕዘን ብቻ በሚደርስበት ነው፤ ከሶፋው ለተቀመጠ ሰው ከጣቶቹ የሦስቱ ጫፍ ብቻ ይታያል፣ እሱም ሞገዱ ወደ ግራ ሲያዘነብል። ገንዳውን ማዞር አይሆንም፤ 200 ሊትር ውሃ ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋር ሩብ ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ሶፋው ከቦታው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ቴሌቪዥኑ ሶፋውን ተከተለ፣ የቡናው ረከቦት ወደ መተላለፊያው ወጣ፣ በገንዳውና በግድግዳው መካከል በተከፈተው ክንድ በማይሞላ ክፍተትም አንዲት ዱካ ገባች። ለጥየቃ የመጣ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ በጎኑ ተሹለክልኮ፣ በዱካዋ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ከኋላ ቆሞ ያስረዳል፤ ወረፋ የሚጠብቁት በመተላለፊያው ቡናቸውን እንደያዙ ይቆማሉ። አያት ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ፣ ጉንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፣ ከዚያም ዱካዋ ትንሽ ከፍ ያለች ትራስ እንዲጨመርባት አዘዙ።